ጠበቃው ያስረዳል ወይስ ያስጠናል?

«የአንድ ግድያ ምርመራ» ስለተባለው የአሜሪካ ልብ ወለድና ስለ ተከላካይ ጠበቃ ሥራ

«ጠበቃ» የሚለው ቃል የተገኘው «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ ነው። እንግዲህ በቃሉ ትርጉም ከሄድን ጠበቃ ማለት ጠባቂ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በሰፈር ወግም ሆነ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስለ ጠበቃ የሚሰማው ሐሜት ከዚህ ትርጉም ጋር አይስማማም። ገንዘብ ከተከፈለው ጥቁሩን ነጭ ነው ብሎ የሚከራከር፣ ጥፋተኛውን እያወቀ የሚያስለቅቅ ሰው ነው እየተባለ ይታማል። ተማሪዎችም «መግደሉን ለማይክድ ሰው መከራከር እንዴት ይቻላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ መምህሩ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት የሚቸገርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ይዘን እንመረምራለን። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ የታተመው «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» ሲሆን፣ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የአንድ ግድያ ምርመራ» ለማለት ይቻላል። «አናቶሚ» የሚለው ቃል ሐኪሞች የሰውን አካል ከፍተው እያንዳንዱን ክፍል የሚያጠኑበት የትምህርት ዓይነት ስም ነው። ደራሲውም አንድን የግድያ ክስ እንደዚሁ ገልጦ ክፍል በክፍል ያሳየናል። መጽሐፉ ልብ አንጠልጣይ ከሚባሉት ልብ ወለዶች የሚመደብ ነው። ይሁን እንጂ ልብ የሚያንጠለጥለው «ገዳዩ ማን ይሆን?» በሚለው ጥያቄ አይደለም። ገዳዩ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። የሚያንጠለጥለው ጥያቄ «ይህ ሰው በሕግ ፊት ምን ይባል?» የሚለው ነው።

ደራሲው ማን ነበሩ?

በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚነበበው የደራሲ ስም ሮበርት ትሬቨር ነው። ይህ ግን የብዕር ስም ነው። ትክክለኛው የደራሲው ስም ጆን ቮልከር ሲሆን «ትሬቨር» የተባለውን ስም የወሰዱት ከእናታቸው ቤተሰብ ነው። ቮልከር እ.ኤ.አ. በ1903 በሚቺጋን ክፍለ ግዛት፣ ኢሽፐሚንግ በተባለች የብረት ማዕድን ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ የምትገኘው በታላላቆቹ ሐይቆች መካከል በተዘረጋውና በደን በተሸፈነው የሰሜን ባሕረ ገብ መሬት ነው። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1928 ከተመረቁ በኋላ በማርኬት አውራጃ ለረጅም ዓመታት በዐቃቤ ሕግነት አገለገሉ። በአሜሪካ በብዙ ቦታ የአውራጃ ዐቃቤ ሕግ የሚመረጠው በሕዝብ ድምፅ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በተደረገው ምርጫ ሲሸነፉ የጥብቅና ሥራ ያዙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ይኸውም በሐምሌ ወር 1952 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ፣ ቢግ ቤይ በተባለች ትንሽ መንደር አንድ የጦር መኮንን የአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት የሆነን ሰው ተኩሶ ገደለ። መኮንኑ ያቀረበው ምክንያት ሟቹ ሚስቴን አስገድዶ ደፍሯል የሚል ነበር። ለተከሳሹ የቆሙት ጠበቃ ቮልከር ነበሩ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ተከሳሹ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት አእምሮው ታውኮ ነበር ተብሎ ከክሱ ነጻ ወጣ። ቮልከር ልብ ወለዱን የጻፉት ይህንን ጉዳይ መሠረት አድርገው ነው። መጽሐፉ ታትሞ በወጣበት ጊዜ ደራሲው የሚቺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ነበር። ከዐቃቤ ሕግነት ወደ ጥብቅና፣ ከጥብቅና ወደ ዳኝነት የተሸጋገሩ ሰው በመሆናቸው የችሎትን ሦስት ወንበሮች ሁሉ ተቀምጠውባቸው ያውቃሉ ማለት ነው። የመጽሐፉም ጉልበት ከዚህ የመጣ ነው።

መጽሐፉ ከአንድ ዓመት በላይ በብዛት ከሚሸጡት መጻሕፍት ዝርዝር ሳይወጣ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኦቶ ፕሪሚንገር የተባለው የፊልም አዘጋጅ ወደ ሲኒማ ለውጦት፣ ጄምስ ስቱዋርት የጠበቃውን ቦታ ይዞ ተጫወተ። ፊልሙ የተቀረጸው በዚያው በማርኬት አውራጃ ነው። የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ነበር። ደራሲው ግን ብዙም ሳይቆዩ የዳኝነቱን ወንበር ትተው ወደሚወዱት ዓሣ ማጥመድና ወደ ጽሑፍ ሥራቸው ተመለሱ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

ታሪኩ ባጭሩ

ታሪኩን የሚተርክልን ጠበቃው ራሱ፣ ፖል ቢግለር ነው። ቢግለር ለብዙ ዓመታት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ከሠራ በኋላ ሚች ሎድዊክ በተባለ ወጣት ተሸንፎ ሥራውን የለቀቀ፣ ሚስት ያላገባ፣ ከችሎት ይልቅ ወንዝ ዳር የሚውል ሰው ነው። የቅርብ ወዳጁ ፓርኔል ማካርቲ ደግሞ ሕግን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ነገር ግን በመጠጥ ምክንያት የወደቀ ሽማግሌ ጠበቃ ነው።

አንድ ቀን ቢግለር የመቶ አለቃ ፍሬድሪክ ማኒየን ለተባለ መኮንን እንዲቆም ይጠየቃል። የመቶ አለቃው ሚስት ሎራ፣ ባርኒ ክዊል የተባለው የመጠጥ ቤት ባለቤት እንደደፈራትና እንደደበደባት ለባሏ ትነግረዋለች። ማኒየን አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሽጉጡን ይዞ ወደ መጠጥ ቤቱ ይሄድና ሰው እያየ ክዊልን ተኩሶ ይገድለዋል። ከዚያም ተመልሶ እጁን ይሰጣል። የዐይን ምስክሮች አሉ፤ መሣሪያው ተይዟል፤ ተከሳሹም መግደሉን አይክድም። በዐቃቤ ሕግ በኩል ሎድዊክን የሚያግዝ ክሎድ ዳንሰር የተባለ ብልህና ነገር አዋቂ ሰው ከክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይላካል።

ታዲያ ጠበቃው በዚህ መሐል ምን ሊሠራ ይችላል?

የመጽሐፉ እምብርት፦ ገለጻው

የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ከችሎቱ በፊት ያለውን ሥራ የሚያሳይ ነው። ከዚህም ውስጥ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ለሥነ ምግባር ትምህርት ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀስ አንድ ትዕይንት አለ። ቢግለር በእስር ቤት ውስጥ ከማኒየን ጋር ተቀምጦ የተፈጸመውን ነገር በመጠኑ ከሰማ በኋላ ጥያቄውን ያቆምና ስለ ሕጉ ገለጻ መስጠት ይጀምራል።

የገለጻው ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። በግድያ ለተከሰሰ ሰው አራት በሮች አሉ። አንደኛው በር «ነገሩ የግድያ ወንጀል አይደለም፤ ሟቹ የሞተው በአደጋ ነው ወይም ራሱን ገድሎ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ገዳዩ እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ነው» የሚለው ነው። ሦስተኛው «ገድያለሁ፤ ነገር ግን ሕጉ ይፈቅድልኛል» የሚለው ሲሆን፣ ለምሳሌ ያህል ራሱን ወይም ቤቱን ከተቃጣበት አደጋ ለማዳን የገደለ ሰው በዚህ በር ይገባል። አራተኛው ደግሞ «ገድያለሁ፤ ሕጉም አይፈቅድም፤ ነገር ግን በኃላፊነት ልጠየቅ የምችልበት የአእምሮ ሁኔታ ላይ አልነበርሁም» የሚለው ነው።

ቢግለር የመጀመሪያዎቹን ሦስት በሮች አንድ በአንድ እያሳየ ይዘጋቸዋል። ብዙ ሰው እያየ የተተኮሰ ጥይት አደጋ ሊባል አይችልም። ሌላ ሰው ተኮሰ ማለትም የማይሆን ነው። ሚስቱ ላይ ደረሰ የተባለው ጉዳት ካበቃ አንድ ሰዓት ያህል ስላለፈ መከላከል ነው ለማለት ጊዜው አልፏል። ጥቃትን መመለስና ጥቃትን መበቀል በሕግ ፊት አንድ አይደሉምና። የሚቀረው አራተኛው በር ብቻ ነው። ቢግለር በዚህኛው በር ግባ አይልም። በሩ መኖሩን ይናገርና ለደንበኛው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ማኒየንም ጥቂት ካሰላሰለ በኋላ በዚያች ሰዓት አእምሮዬ ሳይታወክ አልቀረም ወደሚል ሐሳብ ይደርሳል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃው ያደረገው ነገር ሕግን ማስረዳት ነው ወይስ ደንበኛውን ማስጠናት?

ለመምህራን ነገሩ እንግዳ አይሆንም ብለን እናምናለን። አንድ መምህር ከፈተና በፊት ትምህርቱን ሁሉ ቢከልስ ሥራውን ሠራ ይባላል። ነጥብ የሚሰጠው ለምን ለምን እንደሆነ ቢገልጽም የሚነቅፈው የለም። መልሱን ቢሰጥ ግን ፈተናው ፈተና መሆኑ ይቀራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው። ቢግለር መልሱን አልሰጠም፤ ነገር ግን ሦስቱን መልሶች ሰርዞ አራተኛውን ሳይሰረዝ ተወው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ያስፈልጋል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ጠበቃ በቅድሚያ የሆነውን ነገር ሙሉ በሙሉ ጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ሕጉን ቢያስረዳ የደንበኛው ቃል ሕጉን ሳያውቅ የተናገረው ስለሚሆን እውነት የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ቢግለር ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሳይነገረው ሕጉን አስቀደመ። በዚህም ምክንያት ማኒየን በኋላ የተናገረው ቃል እውነት ይሁን ወይም ከገለጻው የተቀዳ ይሁን ጠበቃው ራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ጠበቃ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን ማስረጃ ለፍርድ ቤት እንዳያቀርብ ይከለክላል። ልብ ማለት የሚገባን «የሚያውቀውን» የሚለውን ቃል ነው። ቢግለር አያውቅም። እንዳያውቅ የሚያደርገውን መንገድ የመረጠው ግን እሱ ራሱ ነው።

ይህን ያየ አንባቢ ወዲያው በጠበቃው ላይ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኛ ግን ሌላውንም ገጽ እንዲመለከት እንጠይቃለን። ከሳሹ መንግሥት ሕጉን ያውቃል። መርማሪም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ መዝገብ ቤትም አለው። ተከሳሹ ግን አራተኛው በር መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። በእርግጥ አእምሮው ታውኮ የነበረ አንድ ምስኪን ሰው፣ ሕጉ ሳይነገረው «ተናድጄ ገደልሁት» ብሎ ቢፈርም፣ በቀላሉ በተነገረች አንዲት ቃል እውነተኛውን መከላከያውን ራሱ ይዘጋዋል። የተማረና ገንዘብ ያለው ሰው ግን ጠበቃውን ጠይቆ ይናገራል። ስለዚህ ሕግን ለተከሳሽ ማስረዳት ወንጀለኛን መርዳት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ባለማወቅ ምክንያት የሚደርሰውን በደል መከላከልም ነው። ችግሩ አንዱ ገለጻ ለሐቀኛውም ለዋሾውም እኩል ማገልገሉ ነው። ደራሲው ይህን ችግር አልሸሸጉም፤ መፍትሔ አገኘሁለትም አላሉም።

ችሎቱ እንዴት ይካሄዳል?

የኢትዮጵያ አንባቢ መጽሐፉን ሲያነብ በመጀመሪያ ግር የሚለው ጁሪ የተባለው ነገር ነው። በኢትዮጵያ የሆነውን ነገር የሚመረምሩትም ሕጉን የሚተረጉሙትም ዳኞች ናቸው። በአሜሪካ ግን በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ከሕዝብ መካከል በተመረጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 በሆኑ ተራ ሰዎች ፊት የመቅረብ መብት አለው። ዳኛው ሕጉን ይነግሯቸዋል፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ይወስናሉ። ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው። በማኒየን ጉዳይ እንደሚታየውም ለውሳኔ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል።

የክርክሩ ሥርዓት ግን እንግዳ አይደለም። የምስክር አሰማም ሥርዓቱ ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄና ድጋሚ ጥያቄ ያለው ነው። በኢትዮጵያም በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህንኑ ይዟል። ከዚያም በፊት ቢሆን በጥንቱ የሙግት ሥርዓታችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በአደባባይ በቃል መጋጠም፣ ባላጋራን በጥያቄ አጥምዶ ማፋጠጥ የታወቀ ጥበብ ነበር። ቢግለርና ዳንሰር ሲፋጠጡ ላየ አንባቢ ይህ ልማድ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ልዩነቱ በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተነው ተሟጋቹ ሳይሆን ምስክሩ መሆኑ ነው።

በችሎቱ የመጀመሪያ ቀኖች የሚደረገው ትልቁ ትግል ጁሪው ምን ይስማ በሚለው ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጎቹ ክሱ ስለ ግድያ እንጂ ስለ መደፈር ስላልሆነ በሎራ ላይ ደረሰ የተባለው ነገር አይነሣ ይላሉ። ቢግለር ደግሞ ይህ ካልተሰማ የተከሳሹን አእምሮ ሁኔታ ማንም ሊረዳው አይችልም ይላል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ችሎት ያለው እውነት ሁሉ ሳይመረጥ የሚፈስበት ቦታ አይደለም። በሕግ ወንፊት ተነፍቶ ያለፈው ብቻ የሚሰማበት ቦታ ነው።

ሊገታ ያልተቻለ ግፊት

ቀጥሎ የሚመጣው የሕግ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1843 በማክናተን ጉዳይ የወጣውና በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሲሠራበት የኖረው ደንብ አንድ መለኪያ ብቻ አለው። ይኸውም ተከሳሹ የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ስሕተት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚል ነው። በዚህ መለኪያ ማኒየን አይድንም። የሚያደርገውን አያውቅም ነበር ብሎ ጁሪውን ማሳመን አይቻልምና።

ቢግለርና ማካርቲ ግን የሕግ መጻሕፍት ሲያገላብጡ የሚቺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1886 በዱርፊ ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ ያገኛሉ። በዚህ ፍርድ መሠረት ሰውየው ስሕተት መሆኑን ቢያውቅም እንኳ፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሱን የመግታት ኃይል አጥቶ ከሆነ በኃላፊነት አይጠየቅም። ይህ «ሊገታ ያልተቻለ ግፊት» የተባለው መከላከያ ነው። በልብ ወለዱ የጦር ሠራዊቱ የአእምሮ ሐኪም የሚሰጠው ምስክርነት ክብደት የሚያገኘው በዚህ አሮጌ ፍርድ ምክንያት ነው።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ሕግ ሩቅ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 48 ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛው በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት ለመረዳት አለመቻል ሲሆን፣ ሁለተኛው በተረዱት መሠረት አድራጎትን ለመግታት አለመቻል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ በዚያው አንቀጽ ቁጥር ጠብቆታል። አጠራጣሪ በሆነ ጊዜም ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲጠይቅ ሕጉ ያዝዛል። ስለዚህ የማኒየን ጉዳይ በእኛ ችሎት ቢቀርብ ኖሮ ተመሳሳይ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም ነበር።

ሆኖም «መግታት ያልቻለ» እና «መግታት ያልፈለገ» ሰው በውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። በዚህ ምክንያት መከላከያው ሁልጊዜ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ፕሬዚዳንት ሬገንን ተኩሶ ያቆሰለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 በአእምሮ መታወክ ምክንያት ነጻ ከተባለ በኋላ በአሜሪካ ብዙ ቁጣ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግም ራስን አለመግታትን ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች መለኪያ ውስጥ አወጣው።

ሳትከሰስ የተከሰሰችው

ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ሳያስተውል ማለፍ የማይገባው ሌላ ጉዳይም አለ። እሱም የሎራ ሁኔታ ነው። ሎራ ተከሳሽ አይደለችም። ይሁን እንጂ ምን ለብሳ እንደነበር፣ ምን እንደጠጣች፣ ለምን ብቻዋን ወደ መጠጥ ቤት እንደሄደች በሕዝብ ፊት ይመረመራል። ዐቃቤ ሕጉ እሷን በማጠራጠር ባሏን ለማስቀጣት ይሞክራል። የባሏም ጠበቃ ቢሆን ስለ እሷ የሚጨነቀው በጁሪው ዐይን ምን ትመስል ይሆን ብሎ ነው። ተራኪው ራሱ ስለ መልኳና ስለ አለባበሷ የሚናገርበት አኳኋን የዘመኑን አመለካከት ያሳያል።

ይህ ልብ ወለድ የፈጠረው ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ተደፈርሁ ያለች ሴት የቀድሞ ሕይወቷ እንደ ማስረጃ ተቆጥሮ ይመረመር ነበር። ይህን ለመግታት ቀድመው ሕግ ካወጡት ክፍለ ግዛቶች አንዷ የታሪኩ አገር ሚቺጋን ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕጓ በተበዳይዋ የቀድሞ ሕይወት ላይ የሚቀርበውን ጥያቄ በጥብቅ ገደበው። መጽሐፉን በክፍል ውስጥ የሚጠቀም መምህር ይህን ሳያነሣ እንዳያልፍ አደራ እንላለን። ሴት ተማሪዎች በታሪኩ ውስጥ የሚያዩት ጠበቃውን ብቻ ሳይሆን ሎራንም ጭምር ነውና።

ነጻ መባልና እውነት መታወቅ

በመጨረሻ ጁሪው ማኒየን በአእምሮ መታወክ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ይወስናል። ቢግለርና ማካርቲ ደስ ብሏቸው የጥብቅናውን ዋጋ ለመቀበል ወደ ማኒየን መኖሪያ ሲሄዱ ባልና ሚስቱ ሳይከፍሉ ሄደዋል። ትተው የሄዱት አጭር ወረቀት ለመሄዳቸው የሚሰጠው ምክንያት ሊገታ ያልተቻለ ግፊት ነው! ጠበቃው በእስር ቤት ውስጥ ያስረዳው ትምህርት ተመልሶ በራሱ ላይ ተጠቀሰበት።

ይህ ፍጻሜ የሚያስቅ ነው፤ ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። ማኒየን ገለጻውን እንደ ሰበብ የተማረ ሰው ይሆን? ወይስ በእርግጥ በዚያች ሌሊት ራሱን መግታት ተስኖት፣ በኋላ ግን ቃሉን ለቀልድ የተጠቀመበት ሰው ነው? መጽሐፉ አይነግረንም። ጁሪውም ይህን አላወቀም። ጁሪው የወሰነው ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ ጥርጣሬን ለማስወገድ በቂ አለመሆኑን ብቻ ነው።

«ጥፋተኛ አይደለም» የሚለው ውሳኔና «እውነቱ ተገኘ» የሚለው አነጋገር አንድ አለመሆናቸውን ተማሪዎች የሚረዱት እዚህ ላይ ነው። ሕግ ይህን መንገድ የመረጠው እውነትን ስለናቀ አይደለም። ሰው የሌላውን ሰው ልብ ማየት ስለማይችልና፣ ሲጠራጠር የትኛውን ስሕተት መፍራት እንዳለበት አስቀድሞ መወሰን ስላለበት ነው። ጥፋተኛው ቢያመልጥ አንድ በደል ነው። ንጹሑ ቢቀጣ ግን በንጹሑ ላይ የደረሰው በደል ሳያንስ እውነተኛው ጥፋተኛም ሳይፈለግ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በጊዲዮን ጉዳይ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰና ጠበቃ ማቆም የማይችል ድኃ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለውም፣ ለመክፈል አቅም ሲያጣና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን ደግሞ ከመንግሥት ጠበቃ እንደሚቆምለት በዚሁ አንቀጽ ተጽፏል።

እንግዲህ በመግቢያችን ላይ ላነሣነው የተማሪ ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጠበቃ የሚጠብቀው ግድያውን አይደለም። የሚጠብቀው ማንም ሰው፣ ገዳይም ቢሆን፣ ሳይሰማ እንዳይፈረድበትና ከድርሻው በላይ እንዳይቀጣ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ግን ሕግን በማስረዳት እንጂ ቃልን በማስጠናት መሆን የለበትም። መስመሩ ቀጭን መሆኑ መስመር የለም ለማለት አያበቃም። ቀጭን በመሆኑ የሚጠይቀው የበለጠ ጥንቃቄ ነው።

ለክፍል ውይይት

መምህራን ይህን ርእስ በሥነ ዜጋ ወይም በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ለማንሣት ቢፈልጉ ክፍሉን በሦስት ቡድን፣ ማለትም በዐቃቤ ሕግ፣ በተከላካይ ጠበቃና በዳኛ ከፍለው የሚከተሉትን ጥያቄዎች እንዲያወያዩ እንመክራለን።

1. ቢግለር ሕጉን ከመግለጹ በፊት የሆነውን ሁሉ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ምን መልክ ይይዝ ነበር? ጠበቃው ሕጉን ጨርሶ ባይነግረውስ ኖሮ የሚጎዳው ማን ነበር?

2. ራሱን መግታት ያልቻለን ሰው መግታት ካልፈለገው ለመለየት ምን ዓይነት ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል? ለዚህ ሐኪሙ ብቻውን ይበቃልን?

3. ጥፋተኛ አይደለም ስለተባለ ሰው «በእርግጥ ንጹሕ ነው» ለማለት ይቻላልን? ምክንያቱ ይገለጽ።

4. ሎራ በችሎቱ ውስጥ ጠበቃ ነበራትን? ሊኖራት ይገባ ነበርን?

ለመጨረሻው ጥያቄ ከመጽሐፉ መልስ አይገኝም። መልሱን መፈለግ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።